ትርፏ ብሎን

ለገና ለምትመጣው የሚስቱ እህት ሂልዳ ሲባል፣ የሃሊፋክሱ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ኖርማን ለእንግዳው መኝታ ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ የሚሞላ፣ ገዢው ራሱ የሚገጥመው ቁም ሣጥን ገዛ። በሩ መስታወት ይሁን ነጭ እያሉ ከሚስቱ ከቤሪል ጋር ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው። ቤት ሲገቡ የመመሪያውን ወረቀት ለድመቷ አነጠፈላት።

«አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰውዬ፣ ሣጥን በወረቀት ልገጥም?»

ቤሪል ይቺን ጉራ ዝም ብላ ልታልፍ አልቻለችም። ገጥሞ ጨርሶ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ከአዝራር ማስቀመጫዋ አንዲት ቢጫ ብሎን አውጥታ ምንጣፉ ላይ ጣለች።

«ኖርማን! ይቺ ተርፋለች እኮ፤ የት ነበረች?»

ኖርማን ብሎኗን አገላብጦ አያት። ራሱን ነቀነቀና ካቻቢቴውን አንስቶ ሣጥኑን እስከ መጨረሻው ፈታው። በሳምንቱ ገጠመ፤ ሌላ ብሎን ተረፈ፤ ፈታ። ቤሪል ወጥ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ አፍና ትስቃለች። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

ገና ደረሰ፤ ክፍሉ ግን ጣውላ በጣውላ ነው። ኖርማንን «ገልቱ» ሳትለው ውላ የማታድረው ሂልዳ ተቀይማ ሌላ ዘመድ ጋ ሄደች።

በገና ማግስት ኖርማን ሣጥኑን በግማሽ ቀን ገጥሞ ጨረሰው፤ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ከኪሱ አምስት ቢጫ ብሎኖች አውጥቶ ቤሪል ፊት ደረደራቸው።

«የሣጥኑ ብሎኖች ሁሉ ነጭ ናቸው፣ የኔ ፍቅር። እነዚህን በደንብ አስቀምጪያቸው፤ ሂልዳ ለፋሲካ እመጣለሁ ካለች ያስፈልጉናል።»