ሰፊው አካፋ

በስደት በምኖርበት አገር፣ አምቡሊ በሚባል ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ የምጭንባት አሮጌ ትንሽ ትራክተር ነበረችኝ። የፊት አካፋ ልገዛላት ስሄድ፣ ሃይድሮሊክ የሚጠግኑ አንድ የአገሬ ሽማግሌ ጠባቡን አሳዩኝ።

«አካፋውን የሚያነሳ ተጨማሪ ጃክ ይግጠሙልኝና ሰፊውን ልውሰድ» አልኳቸው።

«ጃኩስ ያነሳዋል። የትራክተሯ ጀርባ ግን ክብደት የለውም፤ ወደ ፊት ትገለበጥብሃለች፣ ልጄ።»

እምቢ ስላልኩ ሰፊውን ገጠሙልኝ።

በማግስቱ እርጥብ አሸዋ ሞልቼ ከፍ ሳደርግ የኋላ ጎማዎቹ ቀስ ብለው ከመሬት ለቀቁ። ከፊቴ አንድ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አሸዋ ይዝቃል። ጮህኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። የአካፋውን ማንሻ በጥንቃቄ ወደ ታች መለስኩት። አካፋው ከሰውየው ጀርባ አንድ ክንድ ርቆ አረፈ። ዞሮም አላየኝ።

ወዲያው ተመልሼ ጠባቡን ጠየቅሁ። ሽማግሌው ሰፊውን ፈቱ። ጠባቡን ገጥመው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰሩ።