ጭሱ ውስጥ የምትቀመጠው ልጅ

እህቴ የሞተችው በግንቦት ነው። እኔ ጭልጋ ነበርኩ። ስልክ ተደውሎልኝ፣ ከሸሕዲ በተሳፈርኩበት የጭነት መኪና አቧራ ለብሼ ሽንፋ ስደርስ ተቀብራለች። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርም። ባሏ ከድንኳኑ ወጥቶ ግቢው በር ላይ ተቀበለኝና አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

"አልጠበቅንሽም፤ ምን ላድርግ" አለኝ።

ስለዚህ ፊቷን ሳላይ ቀረሁ። መጨረሻ የያዝኩት ሳሏን ነው። በስልክ ስናወራ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋ ትስልና ሦስተኛው ረዝሞ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ሲጥ ይላል። "ታከሚ እንጂ" ስላት "ጉንፋን ነው፤ አቧራው ነው" ትለኝ ነበር። ለዓመታት ጉንፋን ነበር። በየጥቅምቱ ለባሏ ሰሊጥ አጫጆች የምታበስለው እሷ ናት። ትልልቅ ድስት ጥዳ፣ ከጎህ እስከ ምሽት ከዚያ ማድ ቤት አትወጣም ነበር።

አንዲት ልጅ ትታ ሄደች። የፊት ጥርሶቿ ገና የወለቁ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ናት። ከአርባው በኋላ ይዣት ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ አባቷ ግን እምቢ አለ።

"እሷንም ከወሰድሽብኝ ወደዚህ ቤት ለምን እመለሳለሁ? ክረምቱን እዚሁ ሁኚ" አለኝ።

ባሌን ከፈታሁ ቆይቻለሁ። ጭልጋም የሚጠብቀኝ ልጅ የለኝም። ቀረሁ። እሱ ለዘር ወደ እርሻው ሲወርድ ግቢው ለእኔና ለልጅቱ ቀረ።

ማድ ቤቷ ከዋናው ቤት ትንሽ ራቅ ብላ የቆመች የሣር ጎጆ ናት። መስኮት የላትም። በበጋ የሚነሣው ነፋስ አንዲት ፍንጣሪ ይዞ ሰፈር ሙሉ ስለሚያነድ፣ በዚያ አገር እሳትን ዙሪያውን ዘግቶ መያዝ የተለመደ ነው። ግድግዳው ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ቅጥራን የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ከጣሪያው ጥቀርሻ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። መሀል ላይ ሦስት ጉልቻ፣ አጠገባቸው የእህቴ በርጩማ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን በርጩማዋ ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቁጢጥ ብዬ አበሰልኩ።

እሳቱ ግን አልገዛልሽ አለኝ። ደረቁን ፍልጥ መርጬ አያይዤ፣ ነበልባሉ ሲቆም አይቼ ውሃ ላመጣ እወጣለሁ። ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ እሳቱ ተዳፍኖ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ቢሆን ማገዶው ነው እላለሁ። በየቀኑ ሆነ። ዐይኔን እየጠረግሁ እንደገና አነዳለሁ፣ እንደገና ይታፈናል። ማታ ስተኛ ፀጉሬም ነጠላዬም የእህቴን ሽታ ይሸታል። ልጅ ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ የነበራት ሽታ አይደለም፤ ለጥየቃ ጭልጋ ስትመጣ ይዛው የምትመጣው፣ የዚህ ቤት ሽታ ነው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ከኒሟ ዛፍ ሥር ልብስ አጥባለሁ። ወጡን ጥጄ የወጣሁት ገና አሁን ነው። ከማድ ቤት ሳል ሰማሁ። ሁለቱ አጫጭር፣ ሦስተኛው ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሲጥ።

ከሳሙናው ውሃ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ልጅቱ ጎረቤት ሄዳለች ብዬ ነበር የማስበው። ሳሉ እንደገና መጣ። በእግሬ መቆሜን አላስታውስም፤ በሩ ጋ ደርሼ ጎንበስ ስል ግን ጭሱ ፊቴን መታኝ። ውስጡ አይታይም። ከወለሉ አጠገብ ጭሱ ሳሳ ባለበት ሁለት ትንንሽ እግሮች አየሁ።

ልጅቱ በእናቷ በርጩማ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ እርጥብ የኒም ቅጠል ከምራ፣ በእጇ እየዘገነች እሳቱ ላይ ታደርጋለች። ዐይኗ ደም መስሏል፤ ንፍጧና እንባዋ ተቀላቅሏል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"እናቴን እየጠራኋት ነው።"

"የት ናት?"

"ጭሱ ውስጥ ናት። ሲበዛ ነው የምትመጣ።"

"አየሻት?"

"አትታይም። ታስላለች።"

"የምታስዪው እኮ አንቺ ነሽ የኔ እናት።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ሳቆም እሷ ትቀጥላለች" አለችኝ።

አቅፌ አወጣኋት። ያን ምሽት ሙሉ ስታስል አመሸች፤ ሳሏ አንድም ሳይጎድል የእናቷ ነው። በማግሥቱ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያያት ባለሙያ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ካዳመጠ በኋላ "ጭስ ውስጥ ነው የምትውለው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። "መድኃኒቱን እሰጣችኋለሁ። ከጭሱ ካላራቃችኋት ግን እየተመላለሳችሁ ትኖራላችሁ" አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ከወሎ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ይኖራሉ። ከማድ ቤታቸው ጣሪያ አንድ ጥቁር ቧንቧ ይወጣል፤ ከቧንቧው ግን ምንም ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ብቻቸውን ስለሆኑ አያበስሉም ብዬ ነበር። ከጤና ጣቢያ የተመለስን ቀን ገብቼ ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ ቤትዎ ጭስ አይታይም። እሳት አያነዱም እንዴ?"

ሳቁ። "አላነድም? ምን በልቼ የምኖር መሰለሽ?" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ማድ ቤታቸው ነጭ ናት። እሳቱ ዙሪያውን በተዘጋ የጭቃ ምድጃ ውስጥ ነው፤ ድስቱ አፉ ላይ ልክ ገጥሞ ተቀምጧል። ከኋላ ቧንቧው ጭሱን ወደ ላይ ይወስዳል። ከፊት በኩል ባለችው ጠባብ አፍ ሦስት ቀጫጭን ፍልጦች ጫፋቸው ብቻ ገብቷል፤ ከሥራቸው አየር የሚገባበት ክፍተት አለ።

"ጭስ ማለት እሳቱ ሳይበላው ያመለጠ ማገዶ ነው ልጄ" አሉኝ። "ደረቅ ከሆነ፣ ቀጭን ከሆነ፣ ከሥር ከተነፈሰ ይበላዋል። እኛ ግን አንድ ግንድ እንጎትትና አፉ እስኪሞላ እንጠቀጥቀዋለን። ሰውም አፉ ሲሞላ አይታፈንም?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለእህትሽም ነግሬያት ነበር። 'አጨዳው ይለፍና እሠራለሁ' ትለኝ ነበር። አጨዳ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል" አሉኝ።

ዝናቡ ሲቀንስ እማማ እንደሳቸው ያለ ምድጃ ሊያሠሩኝ መጡ። አፈሩን ከኩይሳ ቆፍረን አመጣን፤ ምስጥ ያላመው አፈር አይሰነጠቅም ይላሉ። ከጭድና ከአመድ ጋር አቡክተን እየረገጥን ብዙ ቀን አሰነበትነው። ልጅቱም መርገጡን ወደደችው። ምን ልንሠራበት እንደሆነ ስትሰማ ግን እግሯን ታጥባ ሄደችና አንዱ ጉልቻ ላይ ተቀመጠች።

"አይነሣም" አለች።

ያን ሰሞን አባቷ ከእርሻ ተመልሷል። እንዲያግዘኝ ብጠራው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እህቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም።

"ተይው" አለኝ እሱም። "እነዚህን ድንጋዮች ከወንዝ ያመጣናቸው አብረን ነው። የተጋባን ሰሞን። የት እንደሚቀመጡ እሷ ናት ያሳየችኝ።"

"ልጅህን ስታስል አልሰማሃትም?" አልኩት።

ልጅቱ በዚያች ቅጽበት፣ ሆን ብላም ይሁን አላውቅም፣ አሳለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ዝቅ ብሎ ገባ፣ ልጁን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ፣ በሌላው እጁ ጉልቻውን ነቅሎ ወጣ። ሦስቱንም ተራ በተራ ወስዶ ከኒሟ ሥር ደረደራቸው። ላዩ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

ግድግዳውን መፋቅ የኔ ሥራ ነበር። ጥቀርሻው በቢላ እየተቀረፈ እንደ ቅርፊት ይወርዳል። ከበርጩማዋ ጀርባ ባለው በኩል ስፍቅ ከሥሩ ምርጉ ብቅ አለ፤ ምርጉ ላይ ደግሞ የጣት መስመሮች። አራት አራት ሆነው እንደ ቀስተ ደመና እየታጠፉ ይሄዳሉ። እህቴ ቤቱን ስትመርግ በእጇ ያለሰለሰችበት ነው። አንድ ቦታ መዳፏን ሙሉ አሳርፋዋለች። አውራ ጣቷ ሳይቀር ይታያል።

ልጅቱን ጠራኋት። ቀርባ አየችው፣ ከዚያ ትንሿን እጇን መዳፉ ውስጥ አስገባች። ብዙ ቆየች።

"ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

ሌላውን ግድግዳ ሁሉ በነጭ አፈር ስንለቀልቅ ያቺን ቦታ ዘለልናት።

ቧንቧውን የገጠመው አባቷ ነው። ጣሪያው ሣር ስለሆነ ቧንቧው የሚያልፍበትን ሰፋ አድርጎ ቀደደና ዙሪያውን በቆርቆሮ ከለለው። ምድጃው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ መጀመሪያ የለኮስን ዕለት እማማም መጥተው ነበር። ጭራሮውን አያያዝኩ፣ ፍልጦቹን ጫፍ ጫፋቸውን አስገባሁ። እሳቱ ሹል ብሎ እንደ ሰው ትንፋሽ እየጎተተ ወደ ውስጥ ገባ። ልጅቱ ሮጣ ወጥታ ጣሪያውን ታያለች። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ ሳሳ። ከዚያ ቧንቧው አናት ላይ አየሩ ብቻ ይርገበገብ ጀመር፤ ከኋላው ያለው ሰማይ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።

"ወዴት ሄደች?" አለች።

አለቀሰች፤ የቀብሩ ቀን አላለቀሰችም ብለውኝ ነበር፣ ያን ቀን ግን ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። አባቷ ተሸክሟት ወደ ወንዙ ይዟት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማድ ቤት መግባት ተወች። እኔ ብቻዬን አበስላለሁ። ዐይኔ አያነባም፣ ደረቴ አይታፈንም፣ ማገዶው ከበፊቱ ግማሹ ይበቃኛል። ምስሩን ቀድሜ እዘፈዝፋለሁ፣ ድስቱን እከድናለሁ፣ ስጨርስ ፍልጦቹን አውጥቼ አመድ ውስጥ አጠፋቸዋለሁ። ግን ቤቱ ዝም ማለቱ ያስፈራኝ ጀመር። ጭስ እያለ የማይታይ ነገር ቢኖር በጭሱ ይሳበባል። አሁን ሁሉም ነገር ይታያል። ነጩ ግድግዳ፣ መዳፏ፣ ባዶው በርጩማ።

ጥቅምት ላይ አንድ ምሽት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎንበስ ብዬ ፍልጥ ሳስገባ ከኋላዬ አሳለች።

ሁለቱ አጭር ነበሩ። ሦስተኛው ረጅም ነበር።

ዞርኩ። ማንም የለም። እሳቱ ጥርት ብሎ ይነዳል። ቀና ስል ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች፣ በእጇ ትንሿን ጀሪካን ይዛለች። ደረቷ ከዳነ ሰንብቷል፤ ስታስል ከሰማናት ቆይተናል። እኔን አላየችም። የምታየው በርጩማውን ነው። ጀሪካኑን አስቀምጣ ገባችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ግማሹን ባዶ ትታ።

ሰማሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ወጡ እስኪበስል ሦስታችንም፣ ወይም ሁለታችን፣ እሳቱን አየን።

ያ ሳል ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ማድ ቤት መግባት ጀመረች። አባቷም ከእርሻ ሲመጣ ምሳውን እዚያው ተቀምጦ ይበላል። እኔም ጭልጋ አልተመለስኩም። አሁን ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ክረምት ሳይገባ ማገዶውን ፈልጦ ከጣሪያ ሥር የመደርደሩ፣ ቧንቧውን በረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ አስሮ የመጥረጉ ነገር የሷ ሥራ ሆኗል።

ባለፈው ቧንቧውን ስትጠርግ ቆይታ፣ እጇ በጥቀርሻ እንደጠቆረ፣

"አክስቴ፣ እናቴ ሳታስል እንዴት ነበረች?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ስለ እናቷ ስናወራ ያወራነው ሁልጊዜ ስለ ሕመሟ ነው።

"ድምፅ ነበራት" አልኳት። "ልጅ ሳለን ከገደል ማዶ ከብት ስትጠብቅ ትጠራኝ ነበር። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣ ነበር።"

"እንዴት ብላ?"

"ጮክ ብላ ነዋ።"

"እስኪ እንደሷ ጥሪ።"

ግቢው መሀል ቆምኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ እህቴ እንደምታደርገው ከሆዴ አውጥቼ፣ የራሴን ስም ጠራሁ። ውሾቹ ጮኹ። ልጅቱ እየሳቀች እሷም ከኔ በላይ ጮኸች። ከመንገዱ ማዶ እማማ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከቤታቸው ወጡ።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?" አሉን።

ለመመለስ አፋችንን ከፈትን፤ ሳቁ ግን አላስወራን አለ።