የአባዬ ቁልፍ የተሰረዘበት ቀን

አባዬ ከሞተ በኋላ መኪናችን ደጃችን ላይ ቆማ ቀረች። ቁልፏ ጠፍቶ ነው። እንዴት ጠፋ ብሎ ሰው ሲጠይቅ እናቴ መልስ አትሰጥም፤ አክስቴ ደግሞ ታለቅሳለች። ስለዚህ ሁልጊዜ የማስረዳው እኔ ነኝ።

እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይከርምም። ለቅሶው ጋብ ሲል ለችግረኛ ይሰጣል፤ የለበሰው ሰው ነፍስ ይማር እንዲልለት። ሚስት ግን ቀስ ብላ፣ ራሷ መርጣ፣ አንድ ሁለቱን ለራሷ አስቀርታ ነው የምትሰጠው። የአባዬ ታናሽ እህት እስከዚያ መጠበቅ አልሆነላትም። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት፣ እናቴ ድካም ጥሏት በተኛችበት፣ ቁም ሳጥኑን ገልብጣ ልብሱን በማዳበሪያ አጨቀችና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወስዳ አከፋፈለችው። ለእናቴ አዝናላት ነው። ሸሚዙን ባየች ቁጥር አንጀቷ እንዳይቃጠል ብላ ነው። ግራጫው ካፖርትም አብሮ ሄደ፤ የመኪናዋ ቁልፍ ደግሞ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ስትገዛም ይዛው የመጣችው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። አባዬ “ሁለተኛ እናሠራላታለን” ሲል፣ ሲል፣ ሞተ።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር።

“አንድ ሸሚዝ እንኳ?” አለቻት፣ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴን አላናገረቻትም።

መኪናዋ የሽርሽር መኪና አልነበረችም። እናቴ ቆጮ ነጋዴ ናት። በኮባ ቅጠል ታስሮ ከአገር ቤት የሚመጣውን ቆጮ አባዬ ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ያነሳል፤ ግማሹን ኮልፌ ሱቃችን ያራግፍና ቀሪውን እስከ ዘነበወርቅና ሳንሱሲ ድረስ ለክትፎ ቤቶች ያዳርሳል። እናቴ መንዳት ብትችልም፣ ቁልፍ ስለሌለ አሁን በታክሲ መከራዋን ታያለች። ቆጮ ደግሞ ጠረኑን ደብቆ አይሳፈርም። አንድ ረዳት “እትዬ፣ ጠረኑ ራሱን ችሎ የወንበር ይከፍላል?” ብሏት ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወርዳ ግን እስከ ቤት ድረስ ነጠላዋን እያሸተተች ሄደች።

ካፖርቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ ከኋላው አየሁትና “አባዬ” ልል ትንሽ ቀረኝ። ዞር ሲሉ የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው።

“አባባ፣ ካፖርቱን ሲሰጡዎት ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አላገኙም?” አለች እናቴ።

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ፤ ጣታቸው ከታች በኩል ብቅ አለ። “ቀዳዳ ነው ልጄ። ቁልፍ አላየሁም። ላውልቀውና ራስሽ ፈትሺው?”

“ኧረ አይውለቁ! በዚህ ብርድ?” አለችና የታጠፈውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው። በመንገዱ ሁሉ ኮብልስቶኑን እያየን ተመለስን። የቢራ ቆርኪ ብቻ ነው ያገኘነው።

መጀመሪያ ኮልፌ ገበያ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ መጣ። የበሩን መቆለፊያ ፈትቶ በልኩ ብረት ቀረጸ። በሩ ተከፈተ፤ ቁልፉም ዞረ። ሞተሩ ተነሳ ብለን ሳናጨበጭብ እንደታነቀ ሰው ጭጭ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

“ይቺ የኮምፒውተር ሰው ነው የምትፈልገው” ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ።

የኮምፒውተሩ ሰው ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲናገር ማቆም አያውቅም፤ እኔም መጠየቅ አላቆምኩም። ለካ ቁልፍ ማለት ብረቱ ብቻ አይደለም! ፕላስቲኩ ውስጥ ከስንዴ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ የራሷ ቁጥር ያላት። መኪናዋ ያንን ቁጥር ካልሰማች ሞተሩን ታፍነዋለች።

“ባትሪ ከሌላት በምን ትናገራለች?” አልኩት።

“መኪናዋ ታጎርሳታለቻ! ቁልፉን ስትከቺ ዙሪያውን ያለው ቀለበት ትንሽ ኃይል ያጎርሳታል። በዚያች ጉርሻ ቁጥሯን ትናገራለች።”

“ታዲያ አዲሱን አስተዋውቅልን” አለች እናቴ።

“ለማስተዋወቅማ አንድ የምታውቀው ቁልፍ ዋስ መሆን አለበት። ዋሱ ደግሞ ጠፍቷል። ስለዚህ የምታውቀውን በሙሉ ሰርዘን ከባዶ እንጀምራለን።”

“የሱንም?”

“እሱንማ ነው እንጂ እትዬ። ለእርስዎም ይበጃል። ቁልፉን ያገኘ ሌባ ይዞብዎት አይሄድም።”

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። “ተወው።”

“እንዴ?”

“ተወው አልኩህ። ሻይ ጠጣና ሂድ።”

ከሄደ በኋላ “እማዬ፣ ቁጥር እኮ ነው” አልኳት።

“ልብሱን ሌላ ሰው ለበሰው። አልጋው እንኳ የኔን ጎን ብቻ ነው አሁን የሚያውቀው። እሱን የምታውቅ መኪናዋ ብቻ ቀረች። እሷንም ላስረሳት?” አለች። የሻዩን ብርጭቆ አነሳሁ።

ቆጮ ግን ሐዘን አያውቅም። የዘነበወርቋ ክትፎ ቤት ባለቤት ደወለች። “እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ቆጮው ከምሳ ሰዓት በኋላ እየደረሰ ደንበኛ ክትፎውን በዳቦ እየበላ ነው። ሌላ ሰው ይዣለሁ።” የሳንሱሲዎቹ መደወልም አላስፈለጋቸውም፤ ስትሄድ የሌላ ሰው ቆጮ በራቸው ላይ ሲራገፍ ደረሰች። ያልተሸጠው ሱቅ ውስጥ ሆመጠጠ። እናቴ አውጥታ ስትጥለው አየሁ፤ ምግብ መጣል እኛ ቤት ነውር ነው፤ አንዴም አይቼ አላውቅም። በማግስቱ “ያንን የኮምፒውተር ልጅ ጥሪው” አለችኝ።

መጣ። ላፕቶፑን ሳይከፍት ያዘችው።

“አንድ ነገር ንገረኝ። ከተሰረዘ በኋላ የድሮው ቁልፍ ቢገኝ፣ ለምንም አይሆንም?”

“ሞተር አያስነሳም” አለ። አሰብ አደረገና፣ “ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። በሩን ይከፍታል።”

“በሩን ይከፍታል?”

“መቆለፊያው እስካልተቀየረ ድረስ፣ አዎ።”

“እንግዲያው በሩ አይረሳውም። ሰርዘው።”

እሷ መሪው ጋ፣ እሱ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካ። “ሥራው እስኪያልቅ ቁልፍ አይነካ፣ በርም አይከፈት። ከተቋረጠ ከሀ ነው የምንጀምረው” አለን። ቀይዋ መብራት መርገብገቧን ትታ ፍጥጥ አለች። እናቴ ዓይኗን ከሷ ላይ አልነቀለችም። የአባዬ ሣጥን ጉድጓድ ሲወርድም እንዲህ ነበር ያየችው።

በዚህ መሀል አክስቴ በሳህን ምሳ ሸፍና መጣች። እናቴ ባታናግራትም ምግብ ማምጣት አላቆመችም ነበር። መስኮቱን በጣቷ መታች። ማንም አልከፈተላትም። እጀታውን ሳበች፤ ተቆልፏል።

“እትዬ! በርም ትዘጊብኝ ጀመር?” አለች ከውጭ። “ሰው እያየኝ? ገደልኩት እንዴ? ልብስ ነው የሰጠሁት!”

“መክፈት አልችልም!” ብላ እናቴ ከውስጥ ጮኸች። አክስቴን ስታናግራት ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! “እየተሰረዘ ነው! ከከፈትኩ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛ አልችለውም!”

አክስቴ ምን እንደሚሰረዝ አልገባትም። ግን “አልችለውም” የሚለውን ሰማች መሰለኝ፣ ሳህኑን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠችና መኪናዋን ተደግፋ ቆመች።

መብራቷ ጠፋች። ባለ ላፕቶፑ ቺፕ ያለበትን አዲሱን ቁልፍ አስገባና ከመኪናዋ ጋር አስተዋወቀው። “ይኸው፣ አልቋል። ያስነሷት።”

እናቴ መጀመሪያ በሩን ከፈተች። “ግቢ” አለቻት አክስቴን፣ ሳታያት። “ያልተሸጠ ቆጮ ካለ አውቶቡስ ተራ እንድረስ።”

አክስቴ ሳህኗን ታቅፋ አጠገቤ ገባች። ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ አልታነቀም። አባዬ ጠዋት ጠዋት ሲያስነሳት የሚቀሰቅሰን ድምፅ ነበር፣ ያው ራሱ። አክስቴ “ወንድሜን! ወንድሜን!” ብላ እሪ አለች፤ ጎረቤት በየበሩ ብቅ አለ። እናቴ ዝም በይ አላለቻትም። ባለሙያው ወርዶ በሩን እስኪዘጋ ጠበቀችና ማርሽ አስገባች። አክስቴ አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ አለቀሰች። እናቴ መንገዱን እያየች ነዳች።