በመጋረጃ ጥላ የተመረጠ ስክሪን

ቦንጋ ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ድሮን ለመግዛት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። አንዱ የግዥ ባለሙያ፣ ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። እኔን የጨመሩኝ በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስለቆየሁና ከካሜራ ሰዎች ጋር ስዞር ድሮን ሲበር ስላየሁ ነው። ሲበር ማየት ዕውቀት ከሆነ የቦንጋ ሕዝብ ሁሉ የአሞራ ሊቅ ነው።

በድሮኑ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ በሪሞቱ ላይ ነበር። ነጋዴው ከጅማ ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ። አንዱ የራሱ ስክሪን አለው። ሌላው የለውም፤ ስልክ ይሰካበትና ስልኩ ስክሪን ይሆናል። ሁለቱም ያንኑ ድሮን ያበርራሉ። ለስልኩ የሚከራከር ሰው ምክንያት አለው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ስልኩ ቢሰበር ሌላ ይሰካል። ባለ ስክሪኑ ግን መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሪሞቱም አብሮ ሥራ ያቆማል። የእኔ ነጥብ አንድ ብቻ ነበር። የስልክ ስክሪን ፀሐይ ላይ በደንብ አይታይም፤ ሲሞቅ ደግሞ ራሱን ያደበዝዛል። ባለ ስክሪኑ ግን የተሠራው ለደጅ ነው።

«እንግዲያው ደጅ ወጥተን እንያቸው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ፕሮጀክተሩ እኮ ተዘጋጅቷል» አለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ።

የአዳራሹ መጋረጃ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ኃላፊው በዚያው ሰሞን የገዛውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰካው። ነጋዴውም የማናውቀው አገር የባሕር ዳርቻ የተቀረጸበት ቪዲዮ ከፈተ። ውኃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ ነው። ከፋ ውስጥ ባሕር እንደሌለ ማንም አላነሣም።

«አቤት ጥራት!» አለ የግዥ ባለሙያው።

«ቀለሙን እዩት፣ ቀለሙን!» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው፤ የተማረውን ሁሉ ለዚህች ቃል ያጠራቀመ ይመስል።

ባለ ስክሪኑ ከዚያ ስልክ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽና ደብዛዛ መሰለ። ምርጫው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በተግባር ተፈትሾ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ። የልዩነት ሐሳብ ማስመዝገብ እችል ነበር፤ ግን የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ይህን የምጽፈው የሆነው እሱ ስለሆነ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በደካ አቅጣጫ ካለች አንዲት ቀበሌ ወሬ መጣ። ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቋል። ከሥሩ ካሉት አምስት ቤቶች አራቱ ለቀዋል። የአምስተኛው ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት፣ አልነሣም ብለዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ቀበሌው ጓሯቸውን ለመንገድ ሲመኘው ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን «ስንጥቅ አለ» ብለው የነገሯቸውም እነዚያው የቀበሌ ሰዎች ናቸው። ወጥተው እንዳያዩ ጉልበታቸው ታማሚ ነው። ስለዚህ ደጃፋቸው ላይ ሆነው በገዛ ዓይናቸው ካላዩ፣ ዝናቡ ቤታቸው ውስጥ ሊያገኛቸው ነው።

የመብረሪያው ፈቃድ በደብዳቤ ከመጣ በኋላ ኃላፊው፣ አብራሪውና እኔ በአንድ መኪና ሄድን። ስንደርስ ቀትር ነው፤ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም።

«ለፎቶ የተመቸ ቀን!» አለ ኃላፊው።

ድሮኑ ተነሣ። አብራሪው ሪሞቱን ለሴትዮዋ አቀረበላቸው። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ምላሳቸው ግን ስለት አለው። ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«ይኼ እኔ ነኝ» አሉ።

«አይደለም እማማ፣ ተራራው ነው» አለ ኃላፊው።

«ልጄ፣ ፊቴን አልስተውም። ከቦንጋ ድረስ መስታወት ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»

የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። ኃላፊው ብርሃኑ እንዲጨመር አዘዘ። ብርሃኑ መጨረሻው ላይ ነበር፤ እንዲያውም ስልኩ ስለጋለ መቀነስ ጀምሮ ነበር። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራ። የኃላፊው ስልክ ነዋ! አብራሪው ሁለት እጁ ሪሞቱ ላይ ነው፤ ኃላፊው በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ ጥሪውን አነሣውና አጎንብሶ ማውራት ጀመረ።

«አቤት ጌታዬ! አዎ፣ መስክ ላይ ነን። በቴክኖሎጂ ታግዘን… አዎ ጌታዬ!»

ድሮኑ ሰማይ ላይ ቆሞ ባትሪውን ጨረሰ። አብራሪው አወረደው። የቀረን አንድ ባትሪ ብቻ ነበር።

«ጥላ ባገኝ እኮ ይታይ ነበር» አለ አብራሪው።

ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ጋቢያቸውን አወለቁ። ድሮኑ እንደገና ሲነሣ በሴትዮዋና በአብራሪው ራስ ላይ ጣሉባቸው። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ከጋቢው ሥር የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ነበር።

«ቤቴን አሳየኝ።»

«ይኸው እማማ።»

«የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የሣር ክዳን ሁሉ አንድ ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሽማግሌውን ተጣሩ። «ስማ! ላሚቱን ፍታትና ወደ በሩ ሳባት!»

ሽማግሌው ሳቧት።

«አሁን መልሳት!»

መለሷት።

«ላሜ ናት» አሉ።

አዳራሽ ውስጥ ከተሰበሰብነው ባለሙያዎች አንዳችንም የምናየውን ነገር እንዲህ አልፈተንነውም። የባሕር ዳርቻ አይተን ነበር የፈረምነው።

«ወደ ላይ ውሰደኝ። ይኼ ጥቁሩ ምንድነው?»

«ስንጥቁ ነው። እንደምታዩት ከላይ ጀምሮ…»

«አታውራ። ዝም ብለህ ተከተለው።»

ተከተለው። ሽማግሌው የላሚቱን ገመድ እንደያዙ ቆመዋል።

«እንሰቴ ጋ ደረሰ» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ጋቢውን ገልጠው ሲወጡ ያዩት ኃላፊውን ነው።

«እሄዳለሁ። ሺሺንዳ እህት አለችኝ። መሬቱ ግን የእኔ ነው። ጻፍ።»

«እሱን በቃለ ጉባኤ እናደርገዋለን፣ እማማ፣ እንደ አሠራራችን…»

«አሁን።»

ከማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ከቤታቸው የሚነሡት በስንጥቁ ምክንያት መሆኑን፣ መሬቱንም ለማንም አለመልቀቃቸውን። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። ሕዝቡ ከቦ ስላየው ኃላፊው ፈረመ። ሽማግሌውና እኔ ምስክር ሆነን ፈረምን። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ሰጠኋቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኃላፊው ዘና ብሎ ነበር።

«አየህ ጋሼ፣ ስልኩ ሠራ አይደል?»

«የሠራው ጋቢው ነው።»

ጥቂት አሰበና ለስክሪን መከለያ የሚሆን ጨርቅ ስፔሲፊኬሽን እንዲያዘጋጅ አብራሪውን አዘዘው፤ ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብም። በሳምንቱ የወጣው ሪፖርት «ነዋሪዋ በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ግንዛቤ ተፈጥሮላቸዋል» ይላል። ስለ ላሚቱ የተጻፈ ነገር የለም።

ሐምሌ ላይ ተዳፋቱ ተናደ። የሴትዮዋን ቤት የጀርባ ግድግዳና የእንሰቱን እኩሌታ ይዞ ወረደ። ሰው አልሞተም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሺሺንዳ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ስለ ወረቀቱ ጠየቅኋቸው።

«መጡ» አሉ።

«ቀበሌዎቹ?»

«ሜትር ይዘው። አሳየኋቸው። ‹ማኅተም የለውም› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«‹የፈረመው ሰውዬ አለ፣ የጻፈው አለ፣ ያየው ሰው ሞልቷል። መጀመሪያ እነሱን አንሡ› አልኳቸው። ሜትራቸውን ጠቅልለው ሄዱ።» ኮረሪማውን በመዳፋቸው አሰባሰቡት። «እኔም ከታች በኩል፣ ናዳው ያልደረሰበት ላይ፣ የአዲሱን ቤቴን ምሰሶ ተከልኩ።»