ባለቀንዱ አደራ

እናቴ በሞተች ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ቀንድ ያለው እንሽላሊት በመስታወት ሣጥን ይዞ ቤት ገባ። ገርጂ ለሚኖሩ ፈረንጆች ሹፌር ነበር። ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ክረምቱን አገሩ ሊያሳልፍ ሲሄድ ትንሿ ልጃቸው እንሽላሊቱን ለእሱ ትታ፣ «ጉንዳን ነው የሚበላው፤ ፀሐይ ይወዳል፤ አደራ!» አለችው። አደራ የሚለውን ቃል ያስተማራት ራሱ ነው። አስተምሮ ታሰረበት።

እኔ አውሬ ቤት ገባ ብዬ ተቆጣሁ። መልኩስ ቢሆን! ጠፍጣፋ፣ ካረረ አምባሻ ላይ የተቆረሰ የሚመስል፣ ዙሪያውን እሾህ። ግን አባቴ ከእናቴ ቀብር ወዲህ አንድ ሁለቴ ጎርሶ ሳህኑን የሚገፋ፣ ግድግዳ ሲያይ የሚያመሽ ሰው ሆኖ ነበርና፣ በጠዋት ተነስቶ ሲወጣ ሳየው ዝም አልኩ። ስኳር የነካ እንጨት ከአጥሩ ሥር ያጋድማል፤ ጉንዳኖቹ ሲወጡበት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ያራግፋቸዋል። እንሽላሊቱ ጉንዳኑን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያይና ምላሱን ብልጭ ያደርጋል። «አየሽው?» ይለኛል አባቴ እየሳቀ። ማታም ከእኔ ጋር ቀርቦ ይበላ ጀመር። ባለሱቋ የወሎ ሴት፣ «ጋሼ፣ ሞግዚት ሆኑ አሉ!» እያለች ስታሾፍበት እንኳ አይከፋውም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ አስቀያሚ ፍጥረት እንዳይሞት እጸልይ ነበር። ከሞተ አባቴ ተመልሶ ግድግዳ ሊያይ ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ፀሐይ ጠፋች፤ ጉንዳኑም መሬት ገባ። አባቴ ጃንጥላ ይዞ እስከ አያት ሜዳ ድረስ እየሄደ ጭቃ ተሸክሞ ይመለሳል። በስንት ፍለጋ ጥቂት ቢያመጣም እንሽላሊቱ ዞር ብሎ አላያቸውም። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ፣ ቀንዱን ብቻ ውጭ አስቀርቶ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

የእኛ ሰው የማይበላን ዝም አይልም። እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል ገና «በሞቴ» ይባላል፤ የታመመማ ይለመናል። አባቴ ከሉካንዳ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ገዝቶ፣ ለክትፎ እንደሚደረገው አድቅቆ ከተፈው፤ ቅቤና ሚጥሚጣውን ብቻ ተወለት። እንሽላሊቱን ከአሸዋው አወጣና አፉን በክብሪት እንጨት ከፍቶ አጎረሰው።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አለው።

ድምፁን አውቀዋለሁ። እናቴንም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲሁ ነበር የሚላት። ፊቷን ስታዞር በማንኪያው ይከተላታል። እሷም እሱን ላለማሳዘን ትውጥና ትንሽ ቆይታ ታስመልሳለች።

እንሽላሊቱ በነጋታው ሞቶ ተገኘ።

ልጅቷ ስትመለስ አባቴ ለእናቴ ቀብር የለበሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ብቻውን ልተወው ስላልቻልኩ አብሬው ሄድኩ። ሥጋውንም፣ የክብሪት እንጨቱንም፣ ሁሉንም ነገራት። አለቀሰች። ሲወጣላት እጁን ያዘችውና፣ «ሲበርደው እኮ ይተኛል» አለች። «ሲተኛ አይበላም። ዝም ነው የሚባለው። እዚህ አይበርድም ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

አባቴ ቆሞ ቀረ። «መተኛት ብቻ ነበር የፈለገው?» አላት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

በእግራችን ተመለስን። ኢምፔሪያል ስንደርስ ወያላዎቹ እየተጣሩ፣ ሰው እየተጋፋ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመና ማልቀስ ጀመረ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በእናቴ ቀብር እንኳ አላለቀሰም።

«እሷም ደክሟት ነበር፣ ልጄ» አለ። «ዝም ብላት ምን ነበረበት?»

ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ማታ ራት አቀረብኩ። አንዴ ጎርሶ ሳህኑን ገፋ አደረገና ወደ ግድግዳው ዞሮ ጋደም አለ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ተጠጋሁት። «በሞቴ» ልለው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀምጬ ጋቢውን እስከ ትከሻው አለበስኩት።