የሌላ ሴት ድምፅ

ሴትዮዋ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ሥራውን ያገኘሁበት ኤጀንሲ «ዕድሜያቸው የገፋ የስዊድን ሰው ናቸው፤ ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተዋል፣ አጠገባቸው ሁኚ» ሲለኝ፣ ሶፋ ላይ ተደግፈው ቴሌቪዥን የሚያዩ አሮጊት ነበር የጠበቅኩት። ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ያለው ቤታቸው ስደርስ ግን ትልቅ ወንበር ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲጎትቱ አገኘኋቸው። በማግስቱ ወንበሩ ተመልሶ ሳሎን ነው። ከምኖርበት ከኦሮራ እየነዳሁ ስመጣ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ገለባብጠው ይሆን እያልኩ ነበር።

በወጣትነታቸው ሞዴል እንደነበሩ የነገሩኝ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ነው፤ እኔ ክንዳቸውን ይዤ እከተላለሁ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። አንድ ፎቶ አንሺ ገበያ ውስጥ አይቷቸው ስቶክሆልም ወሰዳቸው፤ ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ ሮም። ሮም ላይ ፊልም ሠሩ። በኋላ የዴንቨር ሐኪም አገቡና እዚህ ቀሩ። ባልየው ከሞተ ቆይቷል።

«ሥራውን ይወዱት ነበር?» አልኳቸው።

«ቁሚ ሲሉኝ እቆማለሁ፣ ዙሪ ሲሉኝ እዞራለሁ። አሁን ቁሚ የሚለኝ ስለጠፋ ነው መሰለኝ መቆም ያቃተኝ» አሉና ሳቁ።

በጸደዩ፣ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ከፊልሞቻቸው አንዱን እንደሚያሳይ ልጃቸው ሰማ። የሚኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ሌክውድ ነው። «እናቴ ደስ ይላታል፣ ይዘሻት ሂጂ» ብሎ ደወለልኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ልብስ ሲለብሱና ሲያወልቁ ረፈደ። ከሰዓት በኋላ ገብተን እንደተቀመጥን መብራቱ ጠፋ፤ እሳቸው፣ ገና ለግላጋ ሆነው፣ በስክሪኑ ላይ ደረጃ ሲወርዱ ታዩ። እንዲህ ያለ ቁንጅና! ዞሬ አየኋቸው። የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ አፏን ከፈተች፤ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ወጣ።

«ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም!» አሉ ጮክ ብለው።

ከኋላ ሰው «እሽሽ» አለ።

«አፉ ብቻ ነው የእኔ። ጣልያንኛሽ አያምርም ብለው ሌላ ሴት አስገቡበት።»

ኮታችንን ሰብስቤ እስክነሳ ወጥተዋል። ከዘራቸውን እያወናጨፉ በኮልፋክስ ይሄዳሉ።

«ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም?» አልኩ እያለከለክሁ።

«አንድ ጊዜ። ያኔም ጥዬ ወጥቻለሁ።»

አውቶቡስ መጣ፤ ገቡ። መኪናዬን እዚያው ፓርክ እንዳደረግኩ ተከትዬ ገባሁ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «እሱ ወደሚሄድበት» አሉ። አውቶቡሱ የሚሄደው ወደ እኔ ሰፈር ነበር። መውረጃዬ ሲደርስ ሌላ ስላልታየኝ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ።

ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። የሆነውን በአማርኛ ስነግራት እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች እየመለሰች ስልኳን ትነካካለች። ፊልሙን አገኘችው። «ማሚ፣ ሳውንዱን ኦፍ ላድርገውና እሷ ትናገረው» አለችኝ።

«እሳቸው ይናገሩት በይ» አልኳት። እሷ ግን ስልኩን ወደ ሴትዮዋ ዘርግታ በእንግሊዝኛ ስታስረዳ ነበር።

ሴትዮዋ ከምድጃው እስከ በሩ ተመላለሱ። ቆም ብለው ስክሪኑን አዩ፤ እንደገና ሄዱ። ከዚያ የፊልሙ ልጅ ከአንድ ሰው ፊት ቆማ አፏን ስትከፍት፣ በስዊድንኛ ጀመሩ። ሻካራ ድምፅ ነው፣ መሀል ላይ የሚሰነጠቅ። ከከንፈሩ ጋር አልገጠመም።

«ምን አሉት?» አልኳቸው።

«የፊልሙ ጽሑፍ 'ልሂድ፣ ተወኝ' ነበር የሚለው። እኔ ግን የዚያን ቀን ጫማው እግሬን ልጦኝ ነበር፤ እሱን ነገርኩት።»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወደ እኛ ሲዞሩ «እንደገና» አሉ። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ወደ ቤታቸው እስኪወስዳቸው ድረስ፣ ከምድጃው እስከ በሩ እየተመላለሱ፣ ያቺን የፊልሙን ልጅ አናገሯት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ልጃቸው ቤቱን ሸጦ ወደ ሌክውድ ወሰዳቸው። እኔ እዚያው ዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ወደሚኖሩ ሽማግሌ ተመደብኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ። ጸጥታው አስጨነቀኝ። የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ፣ መጋረጃ እከፍታለሁ እዘጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ የሴትዮዋ ልጅ ደወለ። ጠዋት ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ነው አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ገባሁ፤ ባለቤቴና ልጄ ቀና ብለው አዩኝ። «ሴትዮዋ አረፉ» ልል ነበር፣ እንደ ወጉ። ቃሉ ለእሳቸው አልሆን አለኝ።

«ሞቱ» አልኩ።