ኢንተር ሳልነካ የቀላችው ቃል

ዛሬ አንዲት ቀይ ቃል የአጎቴን ልጅ የሰርግ ፎቶዎች አዳነች።

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያለው የአጎቴ ሱቅ ኮምፒውተር ሞልቶ፣ አሮጌ ፋይሎችን የሚያጠፋ ትእዛዝ እየጻፍኩ ነበር። "ለሙከራ ብቻ" የሚለውን፣ ምንም ሳያጠፋ የሚጠፋውን ብቻ የሚያሳየውን አማራጭ ስጨምር አንድ ፊደል ገደፍኩ። ፕሮግራሙ ደግሞ የማያውቀውን አማራጭ ዝም ብሎ አልፎ ያጠፋል! (የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ማንን ልውቀስ?)

ደግነቱ ትናንት ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት) ላይ የተሳሳተ አማራጭ የሚያቀላ ነገር ጭኜ ነበር። ኢንተር ሳልነካ ቃሏ ቀላች፤ ብነካው ኖሮ ከአሮጌዎቹ ፋይሎች መሀል የነበሩት የሰርግ ፎቶዎች አብረው ይጠፉ ነበር።

አጎቴ በርበሬ መመዘናቸውን ትተው "ምነው ቀላ? ተቃጠለ እንዴ?" አሉ።

"አይ ጋሼ፣ ተሳስተሻል እያለኝ ነው።"

"ከመሳሳትሽ በፊት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ለእኔም ምላሴ ላይ ግጠሚልኝ! ጠዋት አክስትሽን 'ወፈርሽ' ብያት፣ ይኸው ምሳ የላከልኝ የለም።"

እናንተስ ለጥቂት የተረፋችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ አብረን እንሳቅ።